የ1960ዎቹ ትራይምፍ ቦነቪል ኤሌክትሪክ ብልሽት፦ ለክቶ ማግኘት እንጂ ገምቶ መቀየር አይደለም

መብራቱ ድንገት የሚጠፋ፣ ሲሞቅ የሚቆም ወይም ባትሪውን በየጊዜው የሚያደርቅ አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥገናውን የሚጀምረው ዕቃ በመግዛት ነው። በመጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው ኮይል፣ ከዚያም ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ (ኤሲ) ለባትሪው ወደሚስማማው ቀጥተኛ የሚለውጠው ሬክቲፋየር ይቀየራል፤ ብልሽቱ ግን ባለበት ይቆያል። ምክንያቱም ከሃምሳ ዓመት በላይ በሆነው መኪና ላይ ቶሎ የሚያረጀው ትልልቁ ዕቃ ሳይሆን ዕቃዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ሽቦና መገናኛ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ዕቃ ቅያሬ ብዙ አልናገርም፤ የምናገረው ጉልበቱ የት ላይ እንደጠፋ በመለኪያ ስለ መከታተል ነው።

ለምሳሌነት የወሰድኩት እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1970 በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ አጠገብ በምትገኘው ሜሪደን የተሠራውን ባለ 650 ሲሲ ትራይምፍ ቦነቪል ቲ120 ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን ያቀረበው የበርሚንግሃሙ ሉካስ ኩባንያ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን የተሠሩ ቢኤስኤና ኖርተን ሞተሮችም በአብዛኛው ተመሳሳይ ዕቃ ስለያዙ አሠራሩ ለእነርሱም ያገለግላል። ሉካስ በዓለም ዙሪያ ያተረፈው መጥፎ ስም በእኔ እምነት ከሚገባው በላይ ነው። መገናኛዎቹ ንጹሕ፣ የመመለሻ መስመሩም አስተማማኝ ሲሆን ይኸው ሥርዓት ለረጅም ዘመን ያለ ችግር ይሠራል።

ቀይ ሽቦ ማሳ ነው

ከሁሉም በፊት መታወቅ ያለበት ነገር ይህ ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው፣ ማለትም ማሳ (የጋራ መመለሻ) የሚሆነው፣ የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። ዛሬ የምናውቃቸው መኪኖች በሙሉ ማለት ይቻላል ኔጌቲቩን ማሳ ስለሚያደርጉ፣ የለመደ እጅ ሳያስበው ጥቁሩን ጫፍ ከሻንሲው ጋር ያስራል። እንዲህ ሲደረግ ትርፍ ቮልት የሚያፈስሰው ዜነር ዳዮድና ሬክቲፋየሩ ወዲያውኑ ሊቃጠሉ ይችላሉ። በሉካስ የቀለም ሥርዓት ቀይ ሽቦ ማሳ ነው፤ ከባትሪው ኔጌቲቭ ተነሥቶ ጉልበት የሚሸከመው ደግሞ ሰማያዊ መስመር ያለበት ቡናማ ሽቦ ነው። ከቁልፉ በኋላ ወደ ኮይሎቹ የሚሄደው ነጭ ነው። ወደ ኮይሎቹ የሚሄደውን ጉልበት እየከፈተና እየዘጋ እሳት የሚያስነሣውን ፑንቲና ከኮይሎቹ ጋር የሚያገናኙት ሁለቱ ጥቁር ሽቦዎች ሲሆኑ አንዱ ነጭ፣ ሌላው ቢጫ መስመር አለው። ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው አልተርኔተር የሚወጡት አረንጓዴ መሠረት ያላቸው ናቸው። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንት ሰው እንደነካካው ስለማይታወቅ ቀለሙን ብቻ አይመኑ፤ ፊውዙ ከኔጌቲቩ በሚወጣው ሽቦ ላይ መሆኑን፣ ፖዘቲቩም በእርግጥ ከሻንሲው ጋር መታሰሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

ለሥራው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ዲጂታል መልቲሜትር፣ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጫፉ መቆንጠጫ የሆነ ሽቦ፣ ባለ 12 ቮልት 21 ዋት አምፖል ከነመያዣውና ከሁለት ሽቦ ጋር፣ ጥሩ የመጫኛ ፒንሳ፣ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀትና የሞተሩ የሽቦ ሥዕል ይበቃሉ። ሥዕሉ የእርስዎ ሞተር የተሠራበት ዓመት መሆን አለበት፤ የ1966ቱና የ1970ው በብዙ ቦታ ይለያያሉና። ማንኛውንም ሽቦ ከመፍታትዎ በፊት ደግሞ ፎቶ ያንሡ።

ባትሪው

ደካማ ባትሪ ላይ የተደረገ ልኬት ሁሉ ያሳስታል፤ ስለዚህ ባትሪውን አውጥተው በቻርጀር ይሙሉት፤ ከዚያም ጥቂት ሰዓት አሳርፈው ይለኩ። የሞላ የሊድ አሲድ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል። 12 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ባዶ ወደ መሆን ቀርቧል። ልኬቱ ጥሩ ከሆነ የፊት መብራቱን አብርተው ለአምስት ደቂቃ ያህል ይከታተሉት፤ ቮልቱ በጥቂት አሥረኛ ወርዶ ከረጋ ባትሪው ደህና ነው፣ ያለማቋረጥ ከወረደ ግን ይለውጡት። የባትሪውን ጫፎች በብረት ብሩሽ አጽድተው በደንብ ያጥብቁ።

ጉልበቱ የት ነው የሚጠፋው?

አብዛኛው ሰው መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጎ ሽቦው ይቀጥል አይቀጥል ያያል፤ ሜትሩ ሲጮህለትም ሽቦው ጤነኛ ነው ብሎ ያልፋል። ይህ ዘዴ የተቆረጠ ሽቦ ያገኛል፣ የታመመ መገናኛ ግን አያገኝም። ባለ 50 ዋት የፊት መብራት 4 አምፔር ያህል ይጠጣል። በመንገዱ ላይ ግማሽ ኦም የምታህል ዝገት ካለች 4 አምፔር ሲያልፍባት 2 ቮልት ትበላለች፤ መብራቱም ቀልቶ ይደበዝዛል። ይህችው ግማሽ ኦም በሜትሩ ላይ ከራሱ የመለኪያ ሽቦዎች ተቃውሞ ብዙም ስለማትለይ ሳትታይ ታልፋለች። ከአሥር ክር ዘጠኙ የተበጠሰበት ሽቦም በኦም ሲለካ ሙሉ ይመስላል።

መፍትሔው ዕቃው እየሠራ ሳለ የቮልት መጥፋትን መለካት ነው። መብራቱን ያብሩ፤ ሜትሩን ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፖሉ ጉልበት የሚቀበልበት ቦታ ላይ ያስነኩ። ሜትሩ የሚያሳየው ቁጥር በመንገድ የጠፋውን ቮልት ነው። በጠቅላላው ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ በመካከሉ አንድ የታመመ ነገር አለ፤ ስለዚህ የሜትሩን ሁለተኛ ጫፍ መገናኛ በመገናኛ ወደ ባትሪው እያቀረቡ ይምጡ። ቁጥሩ ድንገት በሚወድቅበት ቦታ፣ ማለትም አሁን በነኩትና ቀደም ብለው በነኩት መካከል ብልሽቱ ተቀምጧል። ፊውዙ፣ በፊት መብራቱ ቤት ላይ ያለው አምፔር ሜትር፣ ቁልፉ፣ የመብራት ማብሪያው፣ የረጅምና የአጭር መቀያየሪያው፣ በጎማ እጅጌ የተሸፈኑት ክብ መገናኛዎች ሁሉ በዚህ መንገድ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ።

ይህንኑ በመመለሻው በኩል መድገም የግድ ነው፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም እዚህ ላይ ነው። አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በአምፖሉ አካል ላይ አድርገው ይለኩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካዩ ማሳው ደካማ ነው። ቀይ ሽቦው ከፊት መብራቱ ቤት ካልወጣ ወይም ከተበጠሰ የመብራቱ ጉልበት የሚመለሰው በመሪው አንገት ባሉት ኳሶች አልፎ ነው፤ ኳሶቹ ደግሞ በግራሶ የተቀቡ ስለሆኑ መሪው ሲዞር ግንኙነቱ ይመጣል ይሄዳል። ሻንሲው አዲስ ቀለም ከተቀባ ችግሩ ይብሳል፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና። የሚያምር ቀለም የተቀባ ሞተር ከሥራ በኋላ አልነሣም ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። እኔ ዘወትር የምመክረው ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሡ የራሳቸው ማሳ ሽቦዎች እንዲዘረጉ ነው፤ አንዱ ወደ ሞተሩ ራስ ብሎን፣ አንዱ ወደ ፊት መብራቱ ቤት፣ አንዱ ወደ ኋላ መብራቱ፣ አንዱም ወደ ዜነሩ። 2 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ባለ ብዙ ክር ሽቦ ይበቃል። ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ከሌላው ማሻሻያ ሁሉ የላቀ ነው።

ክብ መገናኛዎቹ ታመው ከተገኙ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ መመለስ የጥቂት ወራት መፍትሔ ነው። የውስጥ እጅጌው ላልቶ ስለሚሆን በአዲስ ይቀይሩት፤ አዲሱንም ጫፍ በትክክለኛው ፒንሳ ይጫኑት ወይም በስታኞ ይበይዱት። በስታኞ ከበየዱ ሽቦው ወዲያው ከብየዳው አጠገብ እንዳይታጠፍ ደግፈው ይሰሩት፤ በንዝረት የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በዚህ ሞተር ላይ መንገድ ላይ ሲቆሙ ቤት ለመድረስ ካልሆነ በስተቀር ተቀባይነት የለውም።

ምንም ነገር የማይሠራ ሲሆን

ቁልፉ ተከፍቶ መብራትም፣ ጥሩምባም፣ እሳትም ከሌለ ብልሽቱ ሁሉም በጋራ በሚያልፉበት አጭር መንገድ ላይ ነው፤ ይኸውም ባትሪ፣ ፊውዝ፣ አምፔር ሜትርና ቁልፍ። የመስታወት ፊውዝ በንዝረት ምክንያት ጫፉ ውስጥ ብየዳው ሊለቅ ስለሚችል በዓይን ሙሉ መስሎ ሊያታልል ይችላል፤ ከሁለቱም ወገን ቮልቱን ይለኩ። ሉካስ የሚሰጠው ባለ 35 አምፔር ፊውዝ ቁጥሩ የሚቃጠልበትን እንጂ ዘወትር የሚሸከመውን አይገልጽም፤ የሚሸከመው ግማሹን ያህል ነው። ስለዚህ ወደ ዘመናዊው ጠፍጣፋ ፊውዝ ከቀየሩ 15 ወይም 20 አምፔር ያድርጉት፤ 35 ካደረጉ ከፊውዙ በፊት ሽቦው ይቃጠላል። አምፔር ሜትሩን የተጠራጠሩ እንደሆነ ደግሞ ሁለቱን ሽቦዎቹን ከጀርባው ፈትተው እርስ በርስ ያገናኙና ይሞክሩ፤ ሞተሩ ከሠራ ጥፋቱ የሜትሩ ነው።

ካንዴላው እሳት ሲያጣ

ይህ ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ፑንቲና፣ በፑንቲናው ላይ የሚነሣውን ብልጭታ የሚያበርድ የራሱ ኮንደንሰርና የራሱ ኮይል አለው። ለመርማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሁለቱም ሲሊንደሮች በአንድ ጊዜ እሳት ካጡ ብልሽቱ ከጋራው መስመር ላይ ነው፤ አንዱ ብቻ ካጣ የጋራውን መስመር ይተዉና በዚያኛው ወገን ብቻ ይፈልጉ፤ ጤነኛው ወገን መመዘኛ ይሆንልዎታል።

አንዱ ብቻ ሲሆን በመጀመሪያ ካንዴላዎቹን ያለዋውጡ። ብልሽቱ ካንዴላውን ተከትሎ ካልሄደ ወደ ኮይሎቹ ይሂዱ። ከፑንቲናው የሚመጡትን ሁለት ጥቁር ሽቦዎች ኮይሎቹ ላይ ያለዋውጡ፤ ወደ ካንዴላ የሚሄዱትንም ወፍራም ገመዶች በኮይሉ ጫፍ በኩል ያለዋውጡ። እንዲህ ሲያደርጉ ፑንቲናውም፣ ገመዱም፣ ካንዴላውም በቦታቸው ሆነው የተለወጡት ኮይሎቹ ብቻ ናቸው። እሳት ማጣቱ ወደ ሌላኛው ሲሊንደር ከተዛወረ ኮይሉ ሞቷል፤ ካልተዛወረ ኮይሉ ነፃ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ከሁሉም የበለጠ ይናገራል። ቁልፉን ይክፈቱ፤ የሜትሩን ቀይ ጫፍ በሞተሩ አካል፣ ጥቁሩን በፑንቲናው ተንቀሳቃሽ ምንጭ ላይ ያስነኩ፤ ከዚያም ካንዴላዎቹን ፈትተው ሞተሩን በማርሽ ወይም በመርገጫው ቀስ እያሉ ያዙሩ። ፑንቲናው ሲከፈት የባትሪው ሙሉ ቮልት መታየት አለበት፤ ሲዘጋ ወደ ዜሮ መውረድ፣ ቢበዛ ከ0.2 ቮልት አለመብለጥ አለበት።

ተዘግቶ ሳለ ከዚያ በላይ ካሳየ የፑንቲናው ፊት ቆሽሿል ወይም የተቀመጠበት ጠፍጣፋ ብረት ማሳ አላገኘም። ፊቱን በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሱት በኋላ ቤንዚን በነካ ንጹሕ ወረቀት ይጥረጉት፤ አዲስ ፑንቲናም ቢሆን የፋብሪካ ዘይት ስላለበት መጠረግ አለበት። ተከፍቶ ሳለ ዜሮ ካሳየ ደግሞ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ወደ ኮይሉ ጉልበት አልደረሰም፣ ወይም የኮይሉ የውስጥ ሽቦ ተቆርጧል፣ ወይም ከኮይሉ እስከ ፑንቲናው ድረስ ያለው ነገር ማሳ ነክቷል። ለመለየት በኮይሉ ላይ ነጩ ሽቦ የገባበትን ጫፍ ይለኩ። እዚያ ቮልት ከሌለ ወደ ቁልፉ ይመለሱ። ካለ ጥቁሩን ሽቦ ከኮይሉ ይንቀሉና ባዶ የቀረውን የኮይል ጫፍ ይለኩ፤ ቮልት ከሌለው ኮይሉ ተቆርጧል፤ ካለው ጥፋቱ ከጥቁሩ ሽቦ እስከ ፑንቲናው ባለው ነው። ከዚያም ጥቁሩን ሽቦ መልሰው፣ ኮንደንሰሩን ለይተው አውጥተው በፑንቲናው ላይ ያደረጉትን ልኬት ይድገሙት። ኮንደንሰሩ ሲወጣ ቮልቱ ከተመለሰ ኮንደንሰሩ ውስጡ ተነካክቷል፤ ካልተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ በፑንቲናው ምሰሶ ላይ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉት ትንንሽ ሮንደላዎች በተሳሳተ ቅደም ተከተል ገብተዋል። የዚህ የመጨረሻው ስሕተት አዲስ ፑንቲና በተገጠመ ማግስት እጅግ የተለመደ ነው።

የኮይሉን የመጀመሪያ ጥቅልል ተቃውሞ፣ ማለትም ነጩና ጥቁሩ ሽቦ በሚገቡባቸው ጫፎች መካከል፣ ሲለኩ 12 ቮልት ኮይል ከ3 እስከ 3.4 ኦም ያህል ማሳየት አለበት። ሞተሩ ሲበርድ ሠርቶ ሲሞቅ የሚሞት፣ ሩብ ሰዓት ካረፈ ደግሞ እንደገና የሚነሣ ከሆነ ይህንን ልኬት በሞተበት ሰዓት፣ ኮይሉ ትኩስ እያለ ያድርጉት፤ ቀዝቃዛ ኮይል ላይ የተገኘ ጥሩ ቁጥር ምንም አያረጋግጥም። ኮንደንሰርም በሙቀት ይሞታል፤ የእርሱ ምልክት በፑንቲናው ፊት ላይ የሚታይ ጠንካራ ሰማያዊና ነጭ ብልጭታ እንዲሁም ቶሎ የሚቃጠል ፊት ነው። ኮይሉን የሚይዘው ቀለበት ከመጠን በላይ ጠብቆ ቆርቆሮውን እንዳያጨራምተው ይጠንቀቁ። ደግሞም ቁልፉን ከፍተው ፑንቲናው ተዘግቶ ሳለ ሞተሩን ትተው አይሂዱ፤ እያንዳንዱ ኮይል 4 አምፔር ያህል እየጠጣ ይግላል።

የፑንቲናው ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ነው። እስከ 1967 የነበረው የሉካስ 4ሲኤ ጠፍጣፋ ብረት ሁለቱን ሲሊንደሮች ለየብቻ ለማስተካከል አይመችም ነበር፤ በ1968 የመጣው 6ሲኤ ለየብቻ እንዲስተካከሉ ፈቅዷል፤ ኮንደንሰሮቹም ከሙቀቱ ወጥተው ወደ ታንኩ ሥር ተዛውረዋል። የቀድሞው ያለዎት ከሆነ በኋለኛው መተካቱን እመክራለሁ።

ባትሪው አልሞላ ሲል ወይም ሲፈላ

የተሞላ ባትሪ ገጥመው፣ መብራት አጥፍተው፣ ሞተሩን በደቂቃ 3000 ዙር ያህል ያስኪዱና በባትሪው ጫፎች ላይ ይለኩ። በ13.5 እና በ15.3 ቮልት መካከል ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። ከ12.7 ካልወጣ አልተርኔተሩ ወይም ሬክቲፋየሩ አልሠራም። ከ15.5 ካለፈ ዜነር ዳዮዱ ትርፉን ማፍሰስ አቅቶታል፤ አምፖል ይቃጠላል፣ ባትሪውም ይፈላል። ዜነሩን ከመወንጀል በፊት ግን ማሳውን ይመልከቱ። ዜነሩ ትርፉን ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያፈስ ስለሆነ የተቀመጠበት የአልሙኒየም ክንፍ ንጹሕ፣ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ የሚመለሰው ቀይ ሽቦም ሙሉ መሆን አለበት። ቀዩን ሽቦ በዜነሩና በክንፉ መካከል አያስገቡ፤ ሙቀቱ እንዳይተላለፍ ያግዳልና። ብሎኑ ለስላሳ መዳብ ስለሆነ በጥንካሬ ሲጠብቅ ይበጠሳል።

አልተርኔተሩን ለመፈተሽ ሽቦዎቹን ከሬክቲፋየሩ ይለዩ። ከሽቦ ወደ ሽቦ ጥቂት ኦም ወይም ከዚያ በታች መታየት አለበት፤ ከማናቸውም ወደ ሞተሩ አካል ግን ምንም ግንኙነት መታየት የለበትም። ከዚያም ባለ 1 ኦም፣ 100 ዋት የሚችል ሬዚስተር በሁለቱ ሽቦዎች መካከል አስረው በ3000 ዙር ኤሲ ቮልት ይለኩ፤ ቢያንስ 9 ቮልት መምጣት አለበት። ሬዚስተሩ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚግል በባዶ እጅ አይንኩት። ያለ ሬዚስተር የሚገኘው ከፍተኛ ቁጥር ደካማ አልተርኔተርንም ጤነኛ ስለሚያስመስል አይጠቅምም። ሽቦዎቹ ከካቴናው ሽፋን በሚወጡበት ቦታ በዘይትና በሙቀት ደርቀው ስለሚሰነጠቁ ያንን ቦታ በደንብ ይመርምሩ፤ በሚሽከረከረው ማግኔትና በዙሪያው ባለው ጥቅልል መካከልም በሁሉም አቅጣጫ 0.2 ሚሊሜትር ክፍተት ይኑር።

ሬክቲፋየሩን ሲፈቱ የመሐል ብሎኑን ራስ ይዘው ዳዶውን ብቻ ያዙሩ፤ ሳህኖቹ እርስ በርስ ከተጠማዘዙ ውስጡ ይለያያል። ሞቶ ከተገኘ የጥንቱን መልክ ለመጠበቅ ካልሆነ በቀር በዘመናዊ ባለ 35 አምፔር ድልድይ ሬክቲፋየር ይተኩት፤ ርካሽ ነው፣ ይበረክታልም።

ፊውዝ እየደጋገመ ሲቃጠል

ፊውዝ በፊውዝ ላይ መግዛት አያስፈልግም። ፊውዙን አውጥተው በቦታው ባለ 21 ዋቱን አምፖል ያስገቡ። አንድ ነገር ማሳ ነክቶ ከሆነ አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ይበራል፤ ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ሽቦው አይቃጠልም፤ እርስዎም በእርጋታ ይፈልጋሉ። ኮይሎቹ እንዳያሳስቱዎት በሁለቱም ፑንቲናዎች መካከል ወረቀት ያስገቡ፤ የመብራት ማብሪያውንም ያጥፉ። ከዚያም መስመሮቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ አምፖሉ የጠፋበት መስመር ብልሽቱን ይዟል። መነካካቱ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ አምፖሉን እያዩ መሪውን ከጫፍ ጫፍ ያዙሩ፤ መቀመጫውን ይጫኑ፤ በታንኩ ሥር፣ በመሪው አንገትና በኋላ ጭቃ መከላከያው ውስጥ የሚያልፈውን የሽቦ እስር በእጅዎ ያወዛውዙ። አምፖሉ ብልጭ ባለበት ቦታ ላይ ልጣጩ የተበላ ሽቦ ያገኛሉ።

ቁልፉ ተዘግቶ ባትሪው በቀናት ውስጥ የሚደርቅ ከሆነ ሜትሩን አምፔር ላይ አድርገው ከባትሪው ኔጌቲቭና ከሽቦው መካከል ያስገቡት። በዚህ ሞተር ላይ ሰዓትም ሆነ ሬዲዮ ስለሌለ ቁጥሩ ዜሮ ሊሆን ጥቂት ሚሊ አምፔር ቢቀረው ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሬክቲፋየሩ የሚሄደውን ሰማያዊ መስመር ያለበትን ቡናማ ሽቦ ይንቀሉ፤ ቁጥሩ ከወረደ ሬክቲፋየሩ ወደ ኋላ እያፈሰሰ ነው። ካልወረደ ሽቦውን መልሰው ዜነሩን፣ ቀጥሎም ቁልፉን በዚሁ መንገድ ይለዩ።